ወረርሽኝ በገባ ሰሞን፦ ወሬን፣ ቁጥርንና በረኪናን በልክ መያዝ

አዲስ ወረርሽኝ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በሽታው በምን በምን እንደሚተላለፍ ገና አልተለየም፣ ምርመራው አልተዳረሰም፣ ባለሙያዎች ሰኞ የተናገሩትን ሐሙስ ያርማሉ። ሰው ደግሞ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ ይላል። በዚህ ክፍተት መሀል ሰዎችን የሚጎዳው በሽታው ብቻ አይደለም። በ2020 መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልኮል ኮሮናን ይገድላል የሚል ወሬ ሰምተው ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢራን ውስጥ ሞተዋል። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ለዓሣ ማርቢያ ገንዳ የሚውል ክሎሮኪን ፎስፌት (በወባ መድኃኒትነት የሚታወቅ ኬሚካል) ውጦ ሞቷል፤ ናይጄሪያ ውስጥም ሰዎች ክሎሮኪን ከመጠን በላይ ወስደው በመመረዝ ሆስፒታል ገብተዋል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ራሳቸውን ለማዳን የተጣደፉ ነበሩ።

ለዚህ ጊዜ አንድ መለኪያ ይበቃል፦ ላደርገው ያሰብኩት ነገር ስህተት ሆኖ ቢገኝ ይቀለበሳል ወይስ አይቀለበስም? መስኮት መክፈት፣ እጅ መታጠብ፣ ስብሰባ ማስተላለፍ፣ ጭንብል ማድረግ ነገ "አያስፈልግም ነበር" ቢባል የሚያስከፍሉት ትንሽ ነው። መዋጥ፣ መጠጣት፣ ኬሚካል መቀላቀል፣ ለዓመታት ሲወስዱት የኖሩትን መድኃኒት ማቋረጥ፣ የሰውን ስም አደባባይ ማውጣት ግን ነገ ቢታረም የሄደው አይመለስም። የፊተኞቹን ማስረጃው ሳይሟላም ያድርጓቸው፤ የኋለኞቹን ማስረጃው እስኪሟላ ያቆዩአቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚሁ መለኪያ ዝርዝር ነው።

መግለጫ ሲሰሙ

"ማስረጃ አልተገኘም" ሲባል "አይሆንም" ማለት አይደለም። ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዉሃን ውስጥ የታየው ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፉ ግልጽ ማስረጃ እንዳልተገኘ የቻይና ባለሥልጣናትን የመጀመሪያ ምርመራ ጠቅሶ አስታወቀ። ብዙ ጆሮ የገባው "አይተላለፍም" የሚለው ነው። በስድስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 20፣ መተላለፉን ቻይና ራሷ አረጋገጠች። መግለጫው ውሸት አልነበረም፤ "እስካሁን" የምትለዋ ቃል ናት መንገድ ላይ የወደቀችው።

ስለዚህ መግለጫ ሲያነቡ አራት ነገር ይፈልጉ፦ የወጣበት ቀን፣ ያወጣው አካል፣ ለማን እንደተባለ (ለሕዝብ? ለጤና ባለሙያ? ለታማሚ?) እና ምክር ይሁን ግዴታ። ከአራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው ነው። ለሆስፒታል ሠራተኛ የተጻፈ የመከላከያ ልብስ መመሪያ ለገበያተኛ ሲሠራጭ ሰው ጓንት አድርጎ ስልኩን፣ ፊቱንና የቤቱን ቁልፍ በዚያው ጓንት ሲነካ ይውላል። ያ ከባዶ እጅ አይሻልም፤ እንዲያውም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጓንት ያደረገ ሰው እጁን አይታጠብም።

ምክር ሲለወጥ "ሲዋሹን ነበር" ማለት ይቀናል። የጭንብሉን ነገር እንይ። ፌብሩዋሪ 2020 ማብቂያ ላይ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ሕዝቡ ጭንብል መግዛቱን እንዲያቆም አጥብቀው ተናገሩ፤ ኤፕሪል 3 የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሁሉም ሰው የጨርቅ ጭንብል እንዲያደርግ መከረ። የዓለም ጤና ድርጅትም ምክሩን ጁን 5 ላይ አሰፋ። በመሀሉ ሁለት ነገር ተለውጧል፦ ምልክት ያልታየበት ሰው እንደሚያስተላልፍ እየጠራ መጣ፣ ከጨርቅ የተሰፋ ጭንብልም የሐኪሞቹን ክምችት እንደማይሻማ ታሰበ። ያኔ የጎደለው ምክንያቱን ለሕዝብ አፍታቶ መናገር ነበር። እርስዎ በበኩልዎ አሮጌና አዲስ ምክር ሲጋጩ ቀኑን አይተው አዲሱን ይያዙ፤ ለውጡ በምን እንደመጣ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ካለ ምክሩ ይበልጥ ይታመናል።

ቁጥሩ

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥምዎታል፦ "50 ሰው ብቻ ነው" የሚልና "ከመቶው አምስቱን እየገደለ ነው" የሚል። ሁለቱም ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰው ሊሳሳቱ ይችላሉ።

መጀመሪያ ስለ እጥፍ። ዛሬ 50 ታማሚ አለ እንበል፣ በየአራት ቀኑም ይታጠፋል። በ8ኛው ቀን 200 ነው። በ16ኛው 800። በ28ኛው ቀን 6,400። በየስምንት ቀኑ ቢታጠፍ ኖሮ በዚያው በ28ኛው ቀን 570 ገደማ ይሆን ነበር። ወረርሽኝን "ማዘግየት" የሚሉት ይህንን ልዩነት ነው። እርስዎም በየዕለቱ አዲሱን ቁጥር እያዩ ከመደንገጥ አንድ ነገር ብቻ ያስሉ፦ የዛሬው ድምር ግማሽ የነበረው ስንት ቀን በፊት ነው? ያ የቀን ቁጥር እየረዘመ ከሄደ ነገሩ እየረገበ ነው፣ ድምሩ ገና እየጨመረ ቢሆንም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ምርመራ በድንገት ሲስፋፋ ወይም ላቦራቶሪ ሲጨናነቅ ይህ ስሌት ለጥቂት ቀናት ያሳስታል። ስለዚህ የተመረመረውን ሰው ብዛትም አብረው ይዩ።

ሁለተኛ ስለ መዘግየት። ዛሬ የተነገረው ታማሚ ዛሬ የተያዘ አይደለም። ኮሮናን ብንወስድ ከተያዙ በኋላ ምልክት እስኪታይ በአማካይ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ከዚያ ሰውየው ጉንፋን ነው ብሎ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል፤ ይመረመራል፤ ውጤት ይጠብቃል፤ ይመዘገባል። የምሽቱ ዜና የሚነግረን እንግዲህ የዛሬ አሥር ቀን ገደማ የሆነውን ነው። "ትምህርት ቤት ከተዘጋ አምስት ቀኑ፣ ቁጥሩ ግን ጨመረ፤ መዝጋቱ ጥቅም የለውም" የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይፈረድም።

ሦስተኛ ስለ ሞት መጠን። 400 ሰው ታሞ 20 ቢሞት 5 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ግን በሁለት አቅጣጫ ይዋሻል። ሳይመረመሩ ቀለል ብሏቸው ያለፉ 3,600 ሰዎች ካሉ ትክክለኛው መጠን 0.5 በመቶ ነው፤ ቁጥሩ አጋንኗል። በሌላ በኩል ከ400ዎቹ ብዙዎቹ ገና አልጋ ላይ ናቸው፣ መጨረሻቸው አልታወቀም፤ ስለዚህ ሊያሳንስም ይችላል። ሁለቱም በእውን ታይተዋል። በ2003 የሳርስ (ከኮሮና ወገን የሆነ የመተንፈሻ አካል በሽታ) ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ የሞት መጠኑ 4 በመቶ አካባቢ ይባል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ከ8,096 ታማሚዎች 774 ሞተው ወደ 10 በመቶ ተጠጋ። በኮሮና ደግሞ ማርች 3 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድሐኖም ከተመዘገቡት ታማሚዎች 3.4 በመቶው መሞታቸውን ተናገሩ፤ ያልተመዘገቡት ሲታሰቡ መጠኑ ከዚያ በታች እንደሆነ ኋላ ታወቀ። በመጀመሪያው ወር የሚሰሙትን የሞት መቶኛ እንደ ጊዜያዊ ነገር ይያዙት። ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ "በእኔ ዕድሜና በእኔ ሕመም ያለ ሰው እንዴት እየሆነ ነው?" የሚለው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ሰፊ ነው።

የደረሰዎ መልእክት

ማርች 2020 ላይ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን የዞረ አንድ መልእክት ነበር። ይዘቱ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ጠዋት ጠዋት ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ያዙ፣ ካላሳላችሁ ሳንባችሁ ነጻ ነው፤ በየ15 ደቂቃው ውሃ ተጎንጩ፣ ቫይረሱ ወደ ጨጓራ ወርዶ በአሲድ ይሞታል። አናቱ ላይ የታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ስም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የኔ አይደለም ብሏል።

ይህን መልእክት ገልብጦ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው፣ ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በዚሁ ልክ የተሰፉ ናቸውና። አንደኛ፣ ስም አለው ግን መገኛ የለውም፦ የባለሙያው ስም፣ ቀን፣ ሄደው የሚያነቡት ገጽ የለም። "ሆስፒታል የሚሠራ የአክስቴ ልጅ" የሚለውም ያው ነው፤ የአክስት ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ያለው ግን ይህ መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። ሁለተኛ፣ ምርመራውን እቤት አስገብቶ ነጻ ያወጣዎታል። ጤነኛ ወጣት ቫይረሱን ይዞ 10 ሰከንድ አይደለም 40 ሰከንድ ትንፋሹን ይይዛል፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ሳይያዝ ያስላል። አደጋው እዚህ ነው፦ ፈተናውን "ያለፈ" ሰው ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ጉዳት የሌለው ምክር ከሐሰቱ ጋር አብሮ ተሰፍቷል። ውሃ መጠጣት ክፉ የለውም፤ ግን ቫይረሱ የሚገባው በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ጭምር ስለሆነ ጉንጭ ውሃ ጠርጎ አያወርደውም። እውነቱ ለሐሰቱ መታወቂያ ሆኖ ያሳልፈዋል። አራተኛ፣ "ለምትወዷቸው ሁሉ አሁኑኑ አድርሱ" ይላል። እውነተኛ የጤና መመሪያ እንዲህ አይለምንም።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከመልእክቱ በጣም እንግዳውን ዓረፍተ ነገር ይውሰዱ፣ ከጤና ሚኒስቴር ወይም ከዓለም ጤና ድርጅት ገጽ ላይ ይፈልጉት። ፎቶ ከሆነ በምስል መፈለጊያ ያስገቡት፤ በሌላ አገር ከዓመታት በፊት የተነሳ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። ድምፅ ከሆነ አስቸጋሪ ነው፣ አይፈለግም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅም ያሳምናል። በድምፅ የመጣ የጤና ምክር በጽሑፍ ከታወቀ ቦታ እስካልተገኘ ድረስ አያስተላልፉት።

የላከልዎ ሰው ቅርብዎ ከሆነ በቡድኑ ፊት አያርሙት። ለብቻ ይጻፉለት፣ የሐሰቱን ቃል ደግመው ሳይጽፉ ትክክለኛውን ያስቀድሙ፦ "ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ። ትንፋሽ መያዝ ቫይረሱን እንደማይለይ የጤና ድርጅቱ ጽፏል፣ ማስፈንጠሪያው ይኸው። ቡድኑ ላይ ያለውን ብታነሳው ጥሩ ነው።" ለታላቅ ሰው ከሆነ መደወል ከመጻፍ ይሻላል፤ እርማት በጽሑፍ ሲነበብ ከታሰበው በላይ ይከብዳል።

ግዢ

መደርደሪያ የሚራቆተው ሰው ሁሉ ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ሱቅ የሚያመጣው በተለመደው ልክ ነው። መቶ ቤተሰብ በሳምንት አንዳንድ እሽግ ሲገዛ 100 ይመጣል። ሠላሳው ቤተሰብ ሦስት ሦስት ቢያነሳ 90 ሄደ፣ ለቀሪዎቹ ሰባ ቤተሰቦች 10 ቀረ። ያዩት ደግሞ ፎቶ ያነሱታል፣ በሚቀጥለው ቀን ስልሳው ሦስት ሦስት ያነሳል። ጃፓን ውስጥ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ጊዜ የሽንት ቤት ወረቀት እንዲህ አልቋል፤ በ2020 መጀመሪያም እዚያው ጃፓንና አውስትራሊያ ውስጥ ተደግሟል።

ልኩ የሁለት ሳምንት ፍጆታ ነው፤ አንድ የቤት ውስጥ መገለያ ጊዜ ሳይወጡ የሚያሳልፍ። ለእያንዳንዱ ዕቃ፦ የሰው ብዛት ሲባዛ በቀን ፍጆታ፣ ሲባዛ በ14፣ ሲቀነስ አሁን ቤት ያለው። መቀነሱን አይርሱ፣ ብዙ ሰው ቁም ሳጥኑን ሳይከፍት ነው የሚገዛው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ግን የ30 ቀን ይሁን። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቀድሞ መያዝ ያለበት ነው፤ ክሊኒክ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚስተጓጎለው እነዚህ ሕሙማን የሚያገኙት አገልግሎት ነው።

በረኪናና ሳኒታይዘር

እዚህ ላይ መጠን ሁሉ ነገር ነው። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2020 ከጽዳትና ከማምከኛ ኬሚካሎች ጋር የተያያዙ 45,550 ጥሪዎች ደርሰዋቸዋል፤ ይህም ከ2019 ተመሳሳይ ወራት 20.4 በመቶ፣ ከ2018ቱ ደግሞ 16.4 በመቶ ጭማሪ ነበር። ከተመዘገቡት አንዷ ሴት፣ ከገበያ የመጣን ነገር ማጠብ ያስፈልጋል የሚል ዜና ሰምታ የወጥ ቤት ገንዳውን በበረኪና፣ በኮምጣጤና በሙቅ ውሃ ሞልታ አትክልቱን ዘፈዘፈች። ሽታው አፍኗት፣ ሳል ይዟት፣ አምቡላንስ ጠርታ ሆስፒታል ገባች፤ ዳነች። ሦስቱም ለየብቻቸው የታወቁ የቤት ዕቃዎች ናቸው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ፣ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በረኪና ከቀዝቃዛ ውሃ በቀር ከምንም አይቀላቀልም። ከተቀላቀለ ለመድፋት አይሞክሩ፤ ወጥተው በር ክፍት ይተዉ።

ለዕቃና ለበር እጀታ የሚፈለገው የክሎሪን መጠን 0.1 በመቶ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ። በሊትር፦ 20 ሚሊ ሊትር (አራት የሻይ ማንኪያ) በረኪና፣ ውሃውን እስከ አንድ ሊትር። 4 በመቶ ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር፣ አምስት የሻይ ማንኪያ። ሌላ ቁጥር ካለ፦ የጠርሙሱን መቶኛ ለ0.1 ያካፍሉ፣ 1 ይቀንሱ፤ ያ ለአንድ እጅ በረኪና የሚገባው የውሃ እጅ ነው። ለደምና ለትውከት 0.5 በመቶ ያስፈልጋል፣ ከ5 በመቶው አንድ እጅ ለዘጠኝ።

ከልኩ በላይ ማክረር የበለጠ አያጸዳም፤ ሳንባና ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረት ያዝጋል። የሚያበላሹት ነገሮች ሌላ ናቸው። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ቆሻሻውን በማቃጠል ያልቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። ተረጭቶ ወዲያው የሚወለወልም አይሠራም፤ እርጥብ ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። የተበጠበጠው በየቀኑ ይታደስ፣ ፀሐይ ላይ ያደረ ከውሃ አይለይም። ሰው ላይ አይረጭም። አይጠጣም።

ሳኒታይዘር ከጠፋና ንጹሕ ኤታኖል ከተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለአንድ ሊትር ይህ ነው፦ 96 በመቶ ኤታኖል 833 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 42 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 14.5 ሚሊ ሊትር፣ ቀሪውን እስከ ሊትሩ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ፐርኦክሳይዱ ለእጅ አይደለም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያሉ ስፖሮችን (አንዳንድ ባክቴሪያዎች አልኮልን ተቋቁመው የሚቆዩበትን መልክ) እንዲገድል ነው፣ ለዚህም ተዘግቶ 72 ሰዓት ይቀመጣል። ግሊሰሪን ሲበዛ እጅ ይጣበቃል፣ ሲቀር ቆዳ ይሰነጠቃል። 40 በመቶ የሆነ መጠጥ በምንም ቢቀላቀል 60 በመቶ አይደርስም፤ ከ60 በታች ደግሞ አይታመንም። ምንጩ ያልታወቀ የኢንዱስትሪ አልኮል ሜታኖል ሊኖረው ስለሚችል ለእጅም አይውል። እፍኝ መሀል ሦስት ሚሊ ሊትር ያህል ጨምረው እስኪደርቅ 20 እና 30 ሰከንድ ይሹት፤ ሳይደርቅ እሳት አይለኩሱ። ሳሙናና ውሃ ባለበት ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ 20 ሰከንድ መታጠብ ይበቃል፣ በተለይ አውራ ጣትንና የጥፍር ሥርን።

ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም

ክፍል ይለዩለት፣ መስኮቱ ይከፈት፣ አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ይመረጥ ከተባለ ወጣቱና ሥር የሰደደ ሕመም የሌለበት። ሁለቱም አንድ ክፍል ሲሆኑ ጭንብል ያድርጉ። ክፍል ከሌለ በአልጋዎቹ መሀል ያለውን ርቀት ያስፉ፣ ራስጌና ግርጌ አቀያይረው ያስተኙ።

ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩና ይጻፉ። በየሰዓቱ መለካት ጭንቀት ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም፤ የጤነኛ ሰው ሙቀት ራሱ ማታ ማታ በግማሽ ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በአፍ ከሆነ ትኩስ ነገር ከጠጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው።

ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ጉበት ሳይታወቅ የሚጎዳው የጉንፋን ቅልቅል መድኃኒት ሲደረብበት ነው፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ጀርባውን ያንብቡ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ተቅማጥ ካለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው በየጊዜው ይስጡ፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል፣ ከእንባ የሚበልጥ ጨዋማ ከሆነ ይድፉት።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለ ታማሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፣ እጁ ይሙቅ፣ የጥፍር ቀለም ይነሳ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠበቅ። ከ94 በታች ከሆነ ሐኪም ያማክሩ፤ 90 እና ከዚያ በታች አጣዳፊ ነው። መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ከቆረጠው የሚታመነው ሰውየው ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ መቃዠት፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ማለት፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መንጣት ከታየ አይጠበቅም፤ ወደ ሆስፒታል ደውለው ይሂዱ። አስቀድሞ መደወሉ እነሱም መቀበያ እንዲያዘጋጁ ነው።

ጭንቀቱ ራሱ

ዜና በቀን ሁለት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ይስሙ፣ የመጨረሻው ከመኝታ በፊት ሁለት ሰዓት ቀደም ይበል፤ የስልኩን ማሳወቂያ ያጥፉ። አዲስ ነገር በየሰዓቱ አይፈጠርም፣ በየሰዓቱ የሚደገመው ያው ነው።

ጭንቀት ራሱ ደረት ያፍናል፣ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያደነዝዛል፤ ሰው ተያዝኩ ብሎ ይብሱን ይጨነቃል። ቁጭ ብለው በአፍንጫ አራት ቆጥረው ያስገቡ፣ ስድስት ቆጥረው ያስወጡ፣ ለአምስት ደቂቃ። በድንጋጤ የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፤ ካልለቀ ወይም ትኩሳትና ሳል ካለ እንደ ሕመም ይቁጠሩት። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

ልጆች የጠየቁትን ብቻ ይመልሱላቸው፣ ያልጠየቁትን አይጨምሩ። "እናንተም ትሞታላችሁ?" ብለው ከጠየቁ "አንሞትም" ብሎ መማል አይያዝም፤ "እንዳንታመም ይህን ይህን እያደረግን ነው፣ ብንታመም እነ እገሌ ይንከባከቡሃል" ይበሉ። ስሙ የታወቀ ሰው ያረጋጋቸዋል።

ለሌሎች መናገር

ሰው መታመሙን የሚደብቀው ከበሽታው ይልቅ ሰውን ፈርቶ ነው። የታማሚ ስም ወይም ቤት በቡድን ላይ የተለጠፈበት ሰፈር በማግስቱ የሚመረመር ያጣል። በሽታን በአገር ስም መጥራትም ከዚሁ ወገን ነው፤ የ1918ቱ "የስፔን ጉንፋን" የተባለው ከስፔን ስለመጣ ሳይሆን በጦርነቱ ገለልተኛ የነበረችው ስፔን ጋዜጦቿ ሳንሱር ስላልነበረባቸው በሰፊው ስለጻፉለት ነው። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በቦታና በሕዝብ ስም እንዳይሰየም መመሪያ አውጥቷል።

እርስዎ ከታመሙ አብረዋቸው ለነበሩ ሰዎች ሳይውል ሳያድር ይንገሯቸው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሁኔታውን ጠቅሰው፦ "ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ አንድ ሰዓት ያህል አብረን ነበርን፣ መስኮት ተዘግቶ። ትናንት ማታ ትኩሳት ጀመረኝ፣ ተመርምሬ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያ ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ቤት ባትሄድ ጥሩ ነው፤ ውጤቱን እንደመጣ እነግርሃለሁ።" ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም፤ ጥፋት ያደረጉ ያስመስላል።

ይህ እንዲሆን ግን ማን ጋር እንደነበሩ ማወቅ አለብዎ፣ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ማንም አያስታውስም። አንድ ደብተር በር አጠገብ ያስቀምጡ። በየማታው ሦስት መስመር፦ የት ሄድኩ፣ ከማን ጋር ከ15 ደቂቃ በላይ ቆየሁ፣ ቦታው ዝግ ነበር ወይስ ነፋስ ያለው። ከጎኑ ሙቀት የለኩ ከሆነ ቁጥሩን፣ አዲስ መመሪያ ከወጣም ቀኑን። ከ14 ቀን ያለፈውን ገጽ ቀድደው ይጣሉት።